ድንጋይ የተሸከመው ቀስተኛ

መተማ ዮሐንስ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ሰው ገደልኩ። አትደንግጡ፤ በጌም ነው። ያን ዕለት ግን ከጎኔ ተቀምጠው ሲያዩ የነበሩት አከራዬ «በጌም ነው» የሚለውን አልተቀበሉኝም። እስከ ዛሬም የተቀበሉኝ አይመስለኝም።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ የባዮሎጂ አስተማሪ። የምደባ ዕጣ ሲወጣ መተማ ደረሰኝ፤ እናቴ ሱዳን የተላክሁ መስሏት ሦስት ቀን አለቀሰች። የመተማን ሙቀት የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጠመኔው እጄ ላይ በላብ ይቦካል። በዚያ ላይ ቁጡ ነኝ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨዋ መምሰል አለብኝ። የሆነ ቦታ መተንፈስ ስለነበረብኝ ላፕቶፕ ገዛሁ። ከድንበሩ ማዶ ካለችው ከሱዳኗ ገላባት የገባ፣ ያገለገለ፣ ኪቦርዱ ላይ የዐረብኛ ፊደል ያለበት ነው። አንዲት ቁልፍ ነበረችው፤ ጠበቅ አድርገው ካልተጫኗት አትሠራም፣ ከተጫኗት ደግሞ ቶሎ አትለቅም። መዘዙን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ጌሙን ጎንደር ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ በፍላሽ ላከችልኝ። ተራራና ደን፣ ከተማና ዋሻ ያለው ሰፊ አገር ነው፤ ዘንዶ አለ፣ አስማት አለ። ደስ የሚለው ግን ማንም «በዚህ ሂጂ» አይልሽም። ዘንዶው አገር እያቃጠለ አንቺ ዓሣ ስታጠምጂ ብትውዪ የሚቆጣሽ የለም። ሲጀመር ማን እንደምትሆኚም የምትመርጪው ራስሽ ነሽ፤ መልኩን፣ ሙያውን፣ ጠባዩን ሳይቀር። አንደኛውን ዙር ጦረኛ ሆኜ ጨረስኩት። በሁለተኛው ሌባ ሆንኩና የአንድ ከተማ ማንኪያ አንድ ሳላስቀር ለቀምኩ። በሦስተኛው አስማተኛ ሆኜ በሳምንቱ ያናደደኝን ሁሉ በመብረቅ መታሁ። አብረውኝ የሚያስተምሩት «ያለቀ ጌም ምን ያደርግልሻል?» ይሉኝ ነበር። ምኑ አለቀ! ያለቀችው ሌባዋ እንጂ አገሩማ እንዳለ ነው።

በአራተኛው ዙር ወንድ ሆንኩ፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ ቀስተኛ። አከራዬ ወደ ጨዋታው የገቡት ይሄኔ ነው።

አከራዬን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ነበር የምላቸው። ጋሼ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ ቁመታቸው ሎጋ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ትውልዳቸው ወገራ ነው፤ ደገኛ ናቸው። ከአገራቸው ከወጡ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗቸው አንድም ቀን አልተመለሱም። ምክንያቱን በገባሁ በሳምንቱ እትዬ ነገሩኝ፤ የተደበቀ ነገር አልነበረም። በወጣትነታቸው ሠርግ ላይ ለደስታ ሲተኩሱ ጥይቷ የጎረቤታቸውን ልጅ ገደለች። እጃቸውን ሰጡ፣ ታሰሩ፣ ጨርሰው ወጡ። ከእስር ቤቱ በር በቀጥታ ወደ ቆላ ወረዱ። «መንግሥት ጨርሶልኛል፤ ሰው አልጨረሰልኝም» ይላሉ። ሽማግሌ ልከው ከሟች ወገን ጋር ደም ካላደረቁ በስተቀር ያን መንደር ሊረግጡ፣ ከዚያ ምንጭ ሊጠጡ አይሆንላቸውም። ሽማግሌ መላኩን ደግሞ «በምን ዓይኔ» እያሉ ከዓመት ዓመት ያሳድሩታል።

ወገራ የቀሩ አንዲት ታላቅ እህት አሏቸው። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ በሚወርዱት ሰዎች ይልኩባቸዋል፤ መልእክቱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ዘንድሮም አልመጣህም ወይ?» በዚያ ዓመት ግን ጨመሩበት፤ «ዓይኔ እየፈዘዘ ነው። ሳይጠፋ ልይህ።» ጋሼ ይህን የሰሙ ዕለት ምሳቸውን ሳይነኩት ተነሡ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ መብራት ካለ፣ ላፕቶፔን ይዤ ግቢው ውስጥ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። እትዬ የከርከዴ አበባ ዘፍዝፈው በጆግ ያቀርባሉ። አንድ እሑድ ጋሼ ከጠፍር አልጋቸው ተነሥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጢሙን አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። «በስመ አብ!» አሉና ወንበር ሳቡ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው የእኔ መሆኑ ቀረ። በአንድ መንደር መሀል ሰውዬዬን እያስሮጥኩ ሳልፍ «ቁሚ!» ብለው ጮኹ። ዘንዶ የመጣ መስሎኝ ክው አልኩ።

«ሰው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰላም ሳትይ ታልፊያለሽ? ማነው ያሳደገሽ?»

«ጋሼ፣ ጌም እኮ ነው።»

«ጢም አውጥቶ ሰላምታ አያውቅም?»

ተመለስኩና አንድ በአንድ ሰላም አልኩ። ድሮ ሽው ብዬ የማልፈውን መንደር ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ቤት ገብቼ ከጠረጴዛ ላይ ዳቦ ባነሣ «ሌብነት ነው፣ መልሺ» ይሉኛል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ባሰ። ቀስተኛው ሲቆስል ሥጋ ካልበላ ቶሎ አይድንም፤ ጋሼ ግን «በሁዳዴ?» ብለው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ሰውዬዬ ሃምሳ አምስቱን ቀን በጎመንና በዳቦ ከተኩላ ጋር ሲተናነቅ ከረመ። ስንት ዘንዶ የገደልኩ ሰው በጎመን!

ከሁሉ በላይ ያበሳጫቸው ግን የስንዴው ነገር ነው። በመንደሮቹ ዳር የደረሰ ስንዴ አለ፤ ሁልጊዜ የደረሰ ነው፣ የሚያጭደው የለም።

«ይኼ መቼ ነው የሚታጨደው?»

«አይታጨድም፤ ሥዕል ነው።»

«ሰሊጥ ቢሆን ይሄኔ ረግፎ አልቆ ነበር። ሰነፎች!» አሉ ከልባቸው ተናደው።

የወደዱት ሰው አንድ ነበር። በወንዝ ዳር ባለው መንደር ባልና ሚስት ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ባልየው ይፈጫል፣ ሚስትየዋ ደጅ ቆማ ትሸጣለች። ባለፍን ቁጥር አንዲት ነገር ትላለች። «ምን አለች?» ሲሉኝ «እንደምን ዋልክ፣ ዱቄት ትፈልጋለህ ወይ? ነው ያለችው» አልኳቸው። «ጨዋ ሴት ናት» አሉ። ከዚያ በኋላ እሷ በእንግሊዝኛዋ ስትናገር ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ ደኅና ነሽ?» ይሏታል። እትዬ በሳቅ ይሞታሉ።

ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተኩላ መጣብን። ቀስቴን ሳብኩ፣ ለቀቅኩ፣ ተኩላው ወደቀ። ያቺ ምቀኛ ቁልፍ ግን እንደተጫነች ቀረች። ሁለተኛው ፍላጻ በራሱ ጊዜ ወጣ። ተኩላውን ለማየት ከቤት የወጣው ባለ ወፍጮ ደረቱን ተመታና እደጁ ላይ ተዘረረ።

«ተነሥ በይው» አሉ ጋሼ።

«ሞቷል።»

ዘበኛ እየሮጠ መጣ። በዚያ አገር ሕግ ቅጣት ከከፈልሽ ወዲያው ትለቀቂያለሽ። ከፈልኩ፤ ዘበኛው «ነገርህ አልቋል፣ ሂድ» አለ። ይህንንም ተረጎምኩላቸው፤ ምን አስቸኮለኝ!

«ይኼ መንግሥት ነው» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። «የሟች ወገንስ?»

ሴትየዋ ከቤት ወጣች። ባሏን ተሻግራ እንደ ወትሮዋ ደጇ ላይ ቆመች። ቀና ብላ አየችንና ያችኑ ነገር አለች፤ እንደምን ዋልክ፣ ዱቄት ትፈልጋለህ ወይ? ጋሼ ይህን ጊዜ ከወንበራቸው ብድግ አላሉላትም። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ያን ፊት ማየት አቃተኝና፣ የሚሻል መስሎኝ፣ ጌም የሚጫወት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ጨዋታውን ከተኩላው በፊት ሴቭ አድርጌ ወዳስቀመጥኩበት ቦታ መለስኩት። ባለ ወፍጮው ከነጤንነቱ ቆሞ ተገኘ።

«ምን አደረግሽ?»

«መለስኩት። ሳይሞት ወደነበረበት። ይኸው፣ ምንም አልሆነም!»

ጋሼ ተነሥተው ቤት ገቡ። ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። እኔም ቆሽቴ አረረ። እንዴ! በገዛ ላፕቶፔ፣ በገዛ ቀስተኛዬ! ለእትዬ «ጌም እኮ ነው፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው። እትዬ ማሽላ ያበጥሩ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጡ።

«አንቺ በአንዲት ጣትሽ መለስሽው» አሉኝ። «እሱ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ያችን ጥይት ሲመልስ አይደል እንዴ የሚያድረው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሚቀጥለው እሑድ ላፕቶፑን ሳልከፍት ራኩባው ሥር ተቀመጥኩ። ጋሼ መጥተው ወንበራቸውን ሳቡ።

«ያ ሰውዬው የሞተበት ጨዋታ አለ? ወይስ ጠፍቷል?»

«አለ፤ ጌሙ ራሱ ያስቀመጠው አለ።»

«እሱን አምጪው። ከእንግዲህ መመለስ የለም።»

«ይሁን፣ መመለስ የለም» አልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። የሚመለስ ነገር ከሌለ እያንዳንዷ እርምጃ ታስፈራለች። ቀስቱን ወንዝ ውስጥ ወረወርነው። ደም አለብንና አገር ለቀን ወጣን። የት እንሂድ ስላቸው በረዶ ያለበትን ሰሜን መረጡ፤ ደገኛ አይደሉ! ከውጭ አርባ ዲግሪ ፀሐይ እያቃጠለን በረዶ ውስጥ ቤት ተከራየን። እዚያ ቀስተኛዬ እንጨት ይፈልጣል፤ ይሸጣል፤ ጎመን ይበላል፤ ይተኛል። ዘንዶ በላያችን ሲያልፍ ጋሼ «የራሱ ጉዳይ፣ አትንኪው» ይሉኛል። እሑድ መጥቶ እሑድ ይሄዳል፣ እኔ እንጨት እፈልጣለሁ። ጦረኛ፣ ሌባ፣ አስማተኛ ሆኜ፣ በአራተኛው እንጨት ፈላጭ! ክረምቱ አልፎ የሰሊጡ አረም እስኪያበቃ ቻልኩት። አንድ ቀን ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሼ፣ እስከ መቼ ነው የምንፈልጠው?»

«እስኪያረጅ።»

«አያረጅም። እዚያ አገር ማንም አያረጅም።»

«ሴትየዋስ?»

«እሷም። የዛሬ ስንት ዓመት ብንሄድ እንደቆመች ትጠብቀናለች።»

ጋሼ ከርከዴያቸውን አስቀመጡ። «የእኛዎቹ ግን ያረጃሉ» አሉ። እትዬ ከበሩ ላይ ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው።

«ሽማግሌ ፈልጊ» አሉ ጋሼ።

አሁን ደግሞ ጉድ ፈላ። ጌሙ ላይ የሚከተልሽ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። «ሽማግሌ አንድ ሆኖ ያውቃል?» አሉ። አንድ ሽበታም አስማተኛ ቀጠርኩ። ሁለተኛ ደግሞ «ገዳሜ አድርሱኝ» የሚል አንድ መነኩሴ ነበር፤ እስክታደርሽው ድረስ ይከተላል። እኛ አላደረስነውም፤ ምስኪኑን አገር ላገር አዞርነው። ሦስተኛ ጠፋ። «ውሻ አለኝ» ስላቸው ገላመጡኝ። በመጨረሻ ሦስተኛው ሽማግሌ እሳቸው እንዲሆኑ ተስማማን።

ትጥቁን ሁሉ አወለቅሁ። «ድንጋይስ?» አሉ። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ነው እግር ላይ የሚወድቀው፤ ይህን ጎጃምም ያውቀዋል። ጌሙ ላይ አንገት ላይ የሚደረግ ድንጋይ የለም። ግን ከዋሻ የሚቆፈር የብረት ድንጋይ አለ፤ ከአቅም በላይ ከያዝሽ ደግሞ ሰውዬው መሮጥ ያቅተዋል፣ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ጌሙን ሦስት ጊዜ ስጨርስ ይቺን ነገር ስረግማት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ሆን ብዬ እስኪጎብጥ ድረስ ጫንኩት።

ከበረዶው አገር እስከ ወፍጮው መንደር በፈረስ ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ከምሳ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ወደ ገላባት እስክታዘቀዝቅ በእግራችን ሄድን። አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ከመቆየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ጋሼ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሆነው መንገዱን ያያሉ። እትዬ ሥራቸውን ትተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ድልድዩን ስንሻገር ጋሼ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔም ቀሚሴን አስተካከልኩ፤ ለሥዕል ሴትዮ!

እደጇ ቆማለች። ፊቷ ስንደርስ ቀስተኛውን አጎነበስኩት። ቀና ብላ አየችንና ተናገረች።

«ምን አለች?» አሉ ጋሼ።

ሌላ ምን ትላለች! ያችኑ ነው ያለችው። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩ። የጋሼን ፊት አየሁ፣ «ዱቄት ትፈልጋለህ ወይ» የሚለው ከአፌ አልወጣ አለኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ድንጋዩን አውርደው ነው ያለችው» አልኩ።

እትዬ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከዚያ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሏት፤ ተነሡና ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ ተማሪ ሲኮርጅ ብይዝ ዓይኔ ደም የሚለብሰው፣ ለትልቅ ሰው ዋሽቼ ቁጭ አልኩ።

ሰሊጡ ታጭዶ እንደገባ ጋሼ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። ንስሐ አባታቸው ወገራ ድረስ ሰው ላኩ። እዚያ ያሉ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፤ በሦስተኛው «ይምጣ» የሚል መልስ መጣ። ጥር ላይ ነበር፤ ትምህርት ቤት ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ተዘግቷል። እትዬ «አንቺም ትሄጃለሽ፤ የጀመርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ቁርጥ አደረጉብኝ። ሦስታችን አውቶቡስ ተሳፈርን።

የሟች ወንድሞች ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ጋሼ ከውጭ ጫማቸውን አወለቁ፤ ድንጋዩን አንገታቸው ላይ አደረጉ። የእውነት ድንጋይ ነው። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ ደጅ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እግራቸውን እየጎተቱ ሲሄዱ ያ ሁሉ ከሰዓት ትዝ አለኝ። ደጁ ላይ የሟች እናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣም ያረጁ ሴት ናቸው። ጋሼ እግራቸው ላይ ወደቁ። ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ከሥሩ አንገታቸውን ዳሰሱ።

«አንገትህ ቀጥኗል» አሉ። «አውርደው። ምነው ይህን ያህል ቆየህ? ሳላይህ ልሞት አልነበረም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ አልቅሼ ነበር። ከሟች ወንድሞች ጋር ከአንድ ዋንጫ መጠጣታቸውን አስታውሳለሁ። የጋሼ ታላቅ እህት ደግሞ ዓይናቸው ገና አልጠፋም ነበር። የጋሼን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩና «ውይ፣ አንተም አረጀህ!» ብለው ሳቁባቸው።

በመልሳችን አውቶቡሱ ደጋውን ጨርሶ ወደ ቆላ ሲወርድ ያ የታወቀ ሙቀት በመስኮት ገባ። እትዬ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ጋሼ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ቲቸር፣ ያቺ የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ያኔ ዱቄት ትፈልጋለህ ወይ ነው ያለችው አይደል?»

«ያውቁ ነበር?»

«ዓመቱን ሙሉ ስትለው የከረመችውን ነገር ልረሳው ነው?»

«ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?»

«አንቺ ስትዋሺልኝ እንባሽ ቀደመሽ» አሉ። «ይቅር ቢሉኝ ደስ የሚላት ሰው አጠገቤ አለች ማለት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ወገራ ሳልሄድ መቅረት አፈርኩ።»